አሥር ሰው እስኪሞላ

ግንቦት 2013 ነው። አጎቴን ይዤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ወደምትገኝ አንዲት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጠዋት ነበር፤ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። ጋሼ ጋቢውን በካፖርቱ ላይ ደርቧል። በአንድ እጁ ከዘራውን፣ በሌላው የደም ግፊት ክኒኑን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። የኮሮና ክትባት ለመከተብ ቁርጥ ለማድረግ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። በነዚያ ሦስት ሳምንታት ክትባቱ ያመክናል፣ ደም ያረጋል፣ የአውሬው ቁጥር አለበት የሚለውን ሁሉ ሰምቷል። “ሰባ ዓመት አልፎኝ ብመክን ምን ይቀርብኛል?” ብሎ እየሳቀ ነው ከቤት የወጣው።

ነርሷ ተቀበለችን። ስሙን መዘገበች፣ ግፊቱን ለካች። ከዚያ ግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡትን በዓይኗ ቆጠረች።

“አባባ፣ ትንሽ ይጠብቁ። ሰባት ናችሁ። አሥር ሰው ካልሞላ አልከፍተውም።”

ጋሼ ግራ ገባው። “ምኑን ነው የማትከፍቺው ልጄ?”

ብልቃጡን ነው። የአስትራዜኔካ ክትባት በአንድ ብልቃጥ ለአሥር ሰው የሚበቃ ሆኖ ነው የመጣልን። አንዴ መርፌ ከገባበት በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። የተረፈው ይደፋል። ለሰባት ሰው ብትከፍተው የሦስት ሰው ክትባት ደፋች ማለት ነው። ያን ጊዜ የሦስት ሰው ክትባት መድፋት ቀላል ነገር አልነበረም።

“መከተብና አለመከተብ የግል ምርጫ ነው” ሲባል ስሰማ ያቺ አግዳሚ ወንበር ትዝ ትለኛለች። ጋሼ መርጧል። አስቦ፣ ተከራክሮ፣ ለብሶ መጥቷል። ግን የመረጠውን እንዲያገኝ ሌሎች ሦስት ሰዎችም መምረጥ ነበረባቸው።

ክታብና ክትባት

ክትባት የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አስበን አናውቅም። ግእዙ “ከተበ” ነው፤ ጻፈ ማለት። ክታብም ከዚያው ግንድ ነው። አያቶቻችን አንገታቸው ላይ የሚያስሩት፣ በቆዳ የተሰፋው ጽሑፍ ማለቴ ነው። ሁለቱም በሽታን ለመመከት የታሰቡ ናቸው። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። ክታብ የያዘውን ሰው ብቻ ነው ይጠብቃል የሚባለው። ጎረቤቴ ክታብ ባያስር እኔን ምን አገባኝ? የኔም ክታብ ለሱ አይተርፍም። የግል ጉዳይ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ክትባትስ? እንደ ክትባቱ ነው። ክርክራችን የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁሉንም ክትባት በአንድ ቁና እንሰፍራለን። አንዱ ወገን “ሰውነቴ የራሴ ነው” ይላል። ሌላው “ካልተከተብክ ሰው ገዳይ ነህ” ይላል። ሁለቱም ስለየትኛው በሽታ እንደሚያወሩ አይናገሩም።

መንጋጋ ቆልፍን እንውሰድ። ጀርሙ አፈር ውስጥ ይኖራል። ሚስማር ወግቶህ ወይም ማረሻ ቆርጦህ ይገባል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እኔ ብከተብ ጎረቤቴ አይጠቀምም፤ ባልከተብም አይጎዳም። ይህ ክትባት ከክታብ ጋር ይቀራረባል። የሚጠብቀው ባለቤቱን ነው። (እርጉዝ እናት ስትከተብ ግን ሕፃኑም አብሮ ይጠበቃል። እናት መቼም ለብቻዋ አትቆጠርም።)

ኩፍኝ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ የኩፍኝ ታማሚ፣ ካልተከተቡ ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 የሚሆኑትን ሊያስይዝ ይችላል። ቫይረሱ ታማሚው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። በኛ አገር ሕፃን የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት የሚወስደው በ9 ወሩ ነው፤ ሁለተኛውን በ15 ወሩ። የስድስት ወር ሕፃን እንግዲህ ምን ይሁን? ምንም ምርጫ የለውም። የሱ ደኅንነት ያለው በሌሎቹ ክንድ ላይ ነው። ኩፍኝ ሰፈር ውስጥ መሮጫ እንዲያጣ ከመቶ ሰው 95 ያህሉ በሽታውን የሚቋቋም መሆን አለበት። ስድስት ሰባቱ “እኔ አልፈልግም” ካሉ አጥሩ ይፈርሳል። እዚህ ላይ “ምርጫዬ ነው” ያለ አባት የመረጠው ለራሱ ልጅ ብቻ አይደለም። ጎረቤት ቤት አልጋ ላይ ለተኛው ሕፃንም መርጧል፤ ሳይጠየቅ።

ራሱን አድኖ ሰፈሩን

ይህ ጣጣ አዲስ አይደለም። ፈንጣጣ በነበረበት ዘመን የራሳችን የሆነ የክትባት ዘዴ ነበረን። አዋቂው ከታማሚው ቁስል ይወስድና የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርጎ ያስገባለታል። ሰውየው ቀለል ያለ ፈንጣጣ ይወጣበትና ይድናል። ዳግመኛ አይዘውም። ቴክኖሎጂ ነው እንግዲህ፤ ያውም ፈረንጅ በላም ፈንጣጣ መከተብን ሳያስተምረን የቆየ።

አንድ ችግር ግን ነበረው። ክንዱ ላይ የገባው እውነተኛው የፈንጣጣ ቫይረስ ነው። የተከተበው ሰው እስኪድን ድረስ በሽታውን ለሌላው ያስተላልፋል። ራሱን አድኖ ሰፈሩን ሊለክፍ ይችላል። ለሱ ብልህ ምርጫ ነው። ላልተከተበው ጎረቤቱ ግን መርዶ ሊሆን ይችላል። በግል ምርጫና በጋራ ኃላፊነት መካከል ስላለው ገደል ማስረዳት ብፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም።

የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረው በ1963 ነው። መኪና በማይገባበት ደጋና ቆላ በእግርና በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር ተሄደ። ሕዝቡ ሁሉ እጁን ዘርግቶ አልጠበቀም። የተደበቀ አለ፤ ያባረረም አለ። ለምን? አንዱ ምክንያት እዚህ አገር ይዞር የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት መሆኑ ነው። ከመቶ ታማሚ የሚገድለው አንድ ወይም ሁለት ነበር። በሌላው ዓለም የታወቀው ከባዱ ዓይነት ከመቶ ሠላሳ ይገድል ነበር። ለገበሬው ታዲያ ፈንጣጣ መጥቶ የሚሄድ ነገር ነው። የማያውቀው ሰው መርፌ ይዞ መምጣቱ የባሰ አስፈሪ ነበር። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ባሌ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ ታወጀ።

“ቀላል ነው፣ መጥቶ ይሄዳል” የሚለው ነገር የት ነው የሰማነው? ልክ ነው። “ኮሮና እኮ ጉንፋን ነው።” ደጋ ላይ ያደገ ሰው ጉንፋንን አይፈራም። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አለ፤ ከጠፋም አረቄ አለ። ደብረ ብርሃን መቼም አረቄ አታጣም።

ኮቪድ የት ላይ ይቆማል?

የመጀመሪያው ታማሚ ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ክትባቱ በይፋ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው። ልክ ዓመቱ ላይ። ስለ በሽታው ብዙ ተብሏልና አልደግመውም። በመላው አገሪቱ ሞታቸው የተመዘገበው ከ7 ሺህ 500 በላይ ናቸው። ሳይመረመር አፈር የለበሰ ስንት እንደሆነ የመቃብር ቆፋሪ ይጠየቅ።

የኮቪድ ክትባት ከመንጋጋ ቆልፍና ከኩፍኝ መካከል ነው ያለው። እሱም አንድ ቦታ ላይ አልረጋም። መጀመሪያ ላይ ክትባቱ ሰውየውን ከከባድ ሕመም ከማዳኑም በላይ መተላለፉን በደንብ ይቀንስ ነበር። “ለራስህ ባትል ለእናትህ ብለህ ተከተብ” የሚለው ያን ጊዜ ያስኬዳል። ኅዳር 2014 ላይ ኦሚክሮን የሚባለው አዲሱ የኮሮና ዝርያ መጣ። ከዚያ ወዲህ የተከተበውም ይያዛል፣ ያስይዛልም። ከመያዝ የሚጠብቀው ኃይሉ በወራት ውስጥ ይሳሳል። ከከባድ ሕመምና ከሞት የሚጠብቀው ግን በደንብ ቆይቷል።

ስለዚህ ቁርጡን እንነጋገር። ኦሚክሮን ከመጣ በኋላም “ያልተከተበ ሁሉ ገዳይ ነው” ሲሉ የቀጠሉት ተሳስተዋል። ክትባቱ በዚያን ጊዜ ወደ ክታብ ጠጋ ብሎ ነበር፤ ይበልጡን ባለቤቱን ይጠብቃል። ግን ደግሞ “ስለዚህ ማንንም አይመለከትም” ያሉትም አልገባቸውም። አልጋ አለ፤ ኦክስጅን አለ። በኛ ዞን ከመንዝ ተራራ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ ከባድ ሕመም ሲመጣ ሰው ተሸክሞ የሚሮጠው ወደ ደብረ ብርሃን ነው። ሲብስም 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ተከትቦ ቢሆን ከከባድ ሕመም ሊድን ይችል የነበረ አንድ ሰው ሁለት ሳምንት ኦክስጅን ላይ ከቆየ፣ ያን ሲሊንደር የጠበቀች ወላድ አለች። በሽታው ባይተላለፍም ወረፋው ይተላለፋል።

ይህን ልዩነት ለሕዝብ በግልጽ መናገር ይቻል ነበር። አልተነገረም። የተነገረው “ክትባቱ ውጤታማ ነው፣ ምንም ችግር የለውም” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰው ደግሞ ስልክ አለው። መጋቢት 2 ቀን 2013 ዴንማርክና ኖርዌይ አስትራዜኔካን አቆሙ። እኛ ከሁለት ቀን በኋላ ጀመርን። መጋቢት 6 ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ተከተሉ። ከሦስት ቀን በኋላ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ብሎ ውሳኔ ሰጠ። የመጀመሪያውን ዜና ሁሉም ሰማ። የሁለተኛውን ማን ሰማ? የደም መርጋቱ ነገር እውነት ነበር፤ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ፣ ከመቶ ሺህ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ይህን ቁጭ ብሎ ለጋሼ የነገረው የለም። የነገረው ቴሌግራም ነው፤ እሱም አጋኖ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

ተጠራጣሪውን ሁሉ መሃይም ማለትም አልወድም። ለጥርጣሬ ምክንያት የሚሆን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ቢን ላደንን ለማግኘት ፓኪስታን አቦታባድ ውስጥ የክትባት ዘመቻ መስሎ ሰው አሰማርቷል። ይህ ወሬ አይደለም፤ ዋይት ሐውስ ራሱ ከሦስት ዓመት በኋላ “ከእንግዲህ በክትባት ሽፋን አንሰልልም” ብሎ ቃል ገብቷል። ታዲያ የመንዝ ገበሬ “ፈረንጅ በነፃ የሚሰጠኝ ምን ፈልጎ ነው?” ቢል ምኑ ይገርማል? እኔ ብሆንም እጠይቃለሁ።

ማስገደድስ?

“ታዲያ ለምን በሕግ አያስገድዱም?” የሚል አለ። ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1905 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈንጣጣ ክትባት ጉዳይ አንድ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ጃኮብሰን የሚባል የማሳቹሴትስ ቄስ አልከተብም ብሎ ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱ መንግሥት ለሕዝብ ጤና ሲል ማዘዝ ይችላል አለ። ቅጣቱ ግን አምስት ዶላር ነበር። ይዞ የወጋው የለም። በእኛው ዘመን ደግሞ ኦስትሪያ በየካቲት 2022 አዋቂ ሁሉ እንዲከተብ ሕግ አወጣች። በመጋቢት አገደችው፤ በክረምቱ ሰረዘችው። ማንንም አልቀጣችም። (ይህኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የኛ ሕገ መንግሥት ይህን በር ጭራሽ አልዘጋውም። አንቀጽ 16 ማንም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት መብት አለው ይላል። የግላዊነትና የሃይማኖት ነፃነትን የሚደነግጉት አንቀጽ 26 እና 27 ግን፣ ጤናን ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ሊገደቡ እንደሚችሉ ያስቀምጣሉ። ይሁን እንጂ ለኮቪድ ሕዝቡን በሙሉ አስገድዶ የሚያስከትብ ሕግ አልወጣም። ባለመውጣቱ አልተከፋሁም። ሊያስፈጽም የማይችለውን ሕግ የሚያወጣ መንግሥት፣ ሊያስፈጽም የሚችለውንም ያስንቃል።

የተገደደ የለም ማለት ግን አይደለም። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከደብረ ሲና ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱትን ወጣቶች ጠይቁ። “የክትባት ወረቀት ከሌለ ጉዞ የለም” ተብለዋል። እነሱ ጋ ስለ ሰውነት መብት ማን ተከራከረ? ድሮም ቢጫ ካርድ የሚባል ነገር አለ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካልወሰድክ አንዳንድ አገር አትገባም። ጭቅጭቅ አስነስቶ አያውቅም። ለምን ቢባል ውሉ ግልጽ ነው። ምን እንደምትሰጥና ምን እንደምታገኝ ታውቃለህ።

ጓሳ

መንዝ ላይ ጓሳ የሚባል ሣር አለ። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። ገሳ ለማያውቅ፦ ዝናብ ሲመጣ እረኛ የሚደርበው የሣር ካባ ነው። ይህን የጓሳ መስክ የመንዝ ሰው አራት መቶ ዓመት ገደማ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ስሙም ቄሮ ይባላል። (ከቅርብ ዓመታት ፖለቲካ ጋር አታገናኙብኝ፤ የመንዙ የቆየ ነው።) መስኩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል። ማንም አያጭድም፣ ከብት አያስገባም። የጣሰ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ በአንድ ቀን ይከፈትና ባለመብቱ ሁሉ ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አናጋው፤ መስኩ ግን ዛሬም በማኅበረሰቡ እየተጠበቀ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖርበታል።

ገበሬ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ታገሠ? ከብቱ እየራበው አጠገቡ የቆመውን ሣር ያየዋል እኮ። ቅጣት ፈርቶ ብቻ አይመስለኝም። ዘጊውን የመረጠው ራሱ ነው። ስሙን ያውቀዋል፤ ቤቱን ያውቀዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲከፈት ድርሻው እንደሚደርሰው እርግጠኛ ነው። ከልክለውት ሌላ ሰው ሲያጭደው አላየም።

የበሽታ መከላከያ አጥርም እንደዚህ መስክ ነው። ሁሉም ትንሽ ይከለከላል፣ ትንሽ ይቸገራል፣ የጋራውን ያገኛል። ግን የጓሳው ውል ሁለት ጎን አለው። ግለሰቡን “ኃላፊነትህን ተወጣ” ስትል “ተከተብ” የሚለው ወገንም የሚወጣው ነገር አለ። እኔ ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩበት ምክንያት ዋናው ይህ ነው። ስለ ግለሰቡ ግዴታ በየስብሰባው ሰምተናል። ስለ ሌላው ወገን ግዴታ የሰማነው ጥቂት ነው።

አቅርቦቱን እንይ። የካቲት 28 ቀን 2013 ለድሃ አገሮች ክትባት ያከፋፍል በነበረው ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኩል 2.2 ሚሊዮን ገደማ ክትባት አዲስ አበባ ገባ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ። በቀጣዩ ወር ሕንድ በሽታው ሲበረታባት ክትባት ወደ ውጭ መላክ አቆመች። የኛ አስትራዜኔካ የሚመረተው እዚያ ነበር። ሀብታሞቹ አገሮች ከሕዝባቸው ቁጥር በላይ አዝዘው ነበር። በፈረንጆች 2021 ማብቂያ ላይ ከአፍሪካ ሕዝብ ሙሉ በሙሉ የተከተበው አሥር በመቶ አይሞላም። ቪየናና ፓሪስ አደባባይ ላይ “አንከተብም” ብለው ሲሰለፉ፣ እኛ ጋ ለመከተብ የፈለገው አሥር ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል።

ካሳውንም እንይ። ከብዙ ሺህ አንድ ሰው በክትባቱ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ለሌላውም ጥቅም ብሎ የተጎዳ ነው። ስለዚህ ሌላው ሊክሰው ይገባል። እንደ እድር አስቡት። የሚገርመው፣ ይህ ታስቦ ነበር። የካቲት 2013 ላይ፣ በኮቫክስ በኩል ክትባት ለሚያገኙ ኢትዮጵያን ጨምሮ 92 አገሮች፣ ጥፋተኛ ሳይፈለግ ካሳ የሚከፍል ፕሮግራም ይፋ ሆኗል። ስለዚህ ነገር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው በዞናችን እስካሁን አላጋጠመኝም። ነርሷም አልሰማችም፤ ጠይቄያታለሁ።

በዚህ ላይ ግጭቱና ጦርነቱ መጣ። ሚያዝያ 2013 አጣዬ ተቃጠለች። ኅዳር 2014፣ ኦሚክሮን የሚለውን ስም ዓለም በሰማበት ወር፣ ውጊያው እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር። ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተጨናነቀች። በክልሉ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ማቀዝቀዣው ሳይቀር። ይህ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ብርዳችን የቱንም ያህል ቢበረታ ማቀዝቀዣን አይተካም። ፍሪጅ በሌለበት ወረዳ ስለ ግል ምርጫ መከራከር ሙሽራ ሳይኖር ሚዜ እንደ መምረጥ ነው።

ነገሩ በደንብ የተያዘበትን ጊዜም አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አይሄዱም ተብሎ ብዙ ሰው ክኒኑን ጥሎ ነበር። በኛ አካባቢም ጸበል ቦታ ብዙ ነው፤ ሸንኮራ ዮሐንስን የማያውቅ የለም። በ1999 አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱም ጸበሉም የእግዚአብሔር ነው፣ አብራችሁ ውሰዱ የሚል መልእክት በይፋ አስተላለፉ። ማንም አልተገደደም። ማንም ከእምነቱና ከክኒኑ አንዱን ምረጥ አልተባለም። የሚያምነው ሰው፣ በሚያምነው ቦታ፣ በሚገባው ቋንቋ ነገረው። በቃ።

አሥረኛው

ወደ ጤና ጣቢያዋ ልመለስ። አራት ሰዓት ገደማ ሁለት ሴቶች መጡ። ዘጠኝ ሆንን። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ማንም የለም። ነርሷ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። አንዲት እናት “ነገ ልመለስ ይሆን?” አሉ። ቤታቸው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።

ጋሼ ድንገት ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄደ። ጎረቤቱ አህያውን እየነዳ ከወፍጮ ቤት ይመለሳል። ሁለቱ አንድ የጽዋ ማኅበር ውስጥ ናቸው። በክትባቱ ጉዳይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጨቃጨቁ ከርመዋል።

“አንተ ሰውዬ! ና እስቲ!”

“ምነው?”

“አንድ ሰው ጎደለን። አንተ ካልገባህ ዘጠኛችንም ወደየቤታችን ልንሄድ ነው።”

“እኔ የፈረንጅ መርፌ አልወጋም አላልኩህም?”

“እሱንማ ብለሃል።”

ሰውየው በአጥሩ ላይ አሻግሮ አየ። እናትየዋ ከዘራቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። ቀና ብለው ሰላም አሉት። አህያውን ግንድ ላይ አሠረ። የዱቄቱን ጆንያ አስተካከለ። ቀስ ብሎ ገባ።

“ለራሴ ብዬ እንዳይመስልሽ” አላት ነርሷን፣ እጀታውን እየሰበሰበ። “ይኼ ሰውዬ ነው።”

ይህ የግል ምርጫ ነው ወይስ ግዳጅ? እስካሁን መልስ የለኝም። ሕግ አላስገደደውም። ይሉኝታ ግን ከሕግ ያላነሰ ጉልበት አለው። ምናልባት አንድ ሰው በሐሳብ እንደተሸነፈ ላለማመን ይሉኝታን ሰበብ አድርጎ ይሆናል። ምናልባትም ጨርሶ አላመነም፤ ለጓደኛው ብቻ ብሎ ይሆናል። ነርሷ አልጠየቀችውም። ብልቃጡን ከሳጥኑ አወጣች፣ ሰዓቱን ላዩ ላይ ጻፈች፣ ጀመረች። ለሁሉም ካርድ ሰጠች። ሁለተኛው ዙር ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው አለች።

ነሐሴ ላይ በቀኑ ሄድን። ዝናቡ ያወርደዋል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ጎረቤቱ ሳይጠራ መጥቷል፤ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ሁለት ወንድሞቹንና ሚስቱንም ይዟል። ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶታል። ነርሷ በሩ ላይ አገኘችን። የመጀመሪያው አልቋል፣ አዲሱ ገና አልደረሰም፣ መቼ እንደሚመጣ አልነገሩኝም አለች። ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

ሰውየው ጃንጥላውን ዘጋ። ወደ ኋላው ዞሮ በጣቱ እየጠቆመ አንድ በአንድ ቆጠረን። ከዚያ ወደሷ ተመለሰ።

“ዛሬ እኮ አሥራ ሦስት ነን” አላት።